የአለቃ ኪዳነ ወልድ አምስት ፊደላት

ሰው ለወዳጁ በስልክ መልእክት ሲልክ ፊደል መጠንቀቅ አለበት ወይስ ነገሩ ከተግባባ ይበቃል? በላቲን ፊደል የሚጽፉት ሕዝቦች በዚህ ጉዳይ የሚጨቃጨቁት ስለ ትልቁና ስለ ትንሹ ፊደል ነው። ዓረፍተ ነገሩን በትልቅ ፊደል ያልጀመረ፣ የሰው ስም በትንሽ ፊደል የጻፈ ሰው ሰነፍ ነው ወይስ ዘመናዊ እያሉ ይነታረካሉ። ጀርመን አገር የነበረው ባውሐውስ የተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1925 እ.ኤ.አ. ትልልቁን ፊደል ጭራሹኑ አልፈልግም ብሎ ጥሎታል። ዴንማርኮች ስምን ሁሉ በትልቅ ፊደል የመጀመር ልማዳቸውን በ1948 እ.ኤ.አ. ተዉት። ጀርመኖች ግን እስከ ዛሬ አልለቀቁትም።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ንጉሡም ሎሌውም በአንድ ቁመት ይጻፋሉ። የእኛ ጭቅጭቅ ሌላ ነው። በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ እየሰጡ መልካቸው የተለያየ ፊደላት አሉን፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፤ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ። የትኛው የት እንደሚገባ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ዛሬ በጣት ይቆጠራል። የቀረው ሁለት ወገን ሆኗል። አንደኛው ጣቱ የነካውን ይጽፋል። ሁለተኛው መልእክት በደረሰው ቁጥር ከጉዳዩ በፊት የፊደል ግድፈት ይለቅማል፤ የደረሰው መርዶ እንኳ ቢሆን አይምርም።

ሁለቱም ወገኖች፣ አወቁትም አላወቁትም፣ የሚከራከሩት ከአንድ ሰው ጋር ነው። ሰውየው ከሞቱ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ስማቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ይባላል።

አለቃ ኪዳነ ወልድ በ1862 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካለፉ ሁለት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። እንደ ዘመኑ የቤተ ክህነት ተማሪ ከንባብ ተነሥተው ቅኔውንና የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ተማሩ። ገና በወጣትነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩና ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ እዚያው ኖሩ። ለሕይወታቸው መንገድ የቀየሰላቸው በዚያ ያገኙት መምህራቸው ነው።

መምህሩ ክፍለ ጊዮርጊስ ይባላሉ። እኒህ ሰው ሮም ድረስ ሄደው ከጣሊያናዊው ሊቅ ከኢኛሲዮ ጉይዲ ጋር የሠሩ ናቸው። ጉይዲ በ1901 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ትልቁ የአማርኛና የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ያለ ክፍለ ጊዮርጊስ እውቀት እንዲያ ባልሆነም ነበር። ክፍለ ጊዮርጊስ ግን ከጉይዲ ሥራ ጎን ለጎን የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። ግእዝን በአማርኛ የሚፈታ፣ ኢትዮጵያዊ ለኢትዮጵያዊ የጻፈው መዝገበ ቃላት።

ይህ ሐሳብ ለምን ትልቅ እንደነበረ ለመረዳት ያን ዘመን ማሰብ ያስፈልጋል። እስከዚያ ድረስ በዓለም ላይ የነበሩት ታላላቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት የጀርመኖች ሥራ ነበሩ። ሂዮብ ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ዘመን ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ ጻፈ። አውጉስት ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ያንን የሚያስንቅ ሌላ አሳተመ። ሁለቱም ኢትዮጵያን በዓይናቸው አላዩም፤ ሁለቱም የግእዙን ቃል የፈቱት በላቲን ነው። እንግዲህ አንድ የጎንደር ወይም የሸዋ መሪጌታ የገዛ አገሩን የግእዝ ቃል ከመጽሐፍ ልፈልግ ቢል በመጀመሪያ የሮማውያንን ቋንቋ መማር ይኖርበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያላንገበገበው ሊቅ ምን ሊቅ ይባላል?

ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሳይጨርሱ በ1900 ዓ.ም. አረፉ። ረቂቁን ለተማሪያቸው አደራ አሉ። ኪዳነ ወልድ በዚያ ጊዜ ዕድሜያቸው አርባ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲያ የኖሩት ዕድሜ ሁሉ የዚያ አደራ ዕዳ ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርመኝን ነገር ልናገር። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ሌላ ሰው እንዲሁ ሌት ተቀን መዝገበ ቃላት ይጽፍ ነበር። ኤሊዔዘር ቤን የሁዳ ይባላል፤ ዕብራይስጥን ከምኩራብ አውጥቶ የገበያና የማዕድ ቤት ቋንቋ ያደረገው ሰው ነው። ይኖርበት የነበረው መንገድ ዛሬም የኢትዮጵያ መንገድ ተብሎ ይጠራል፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ደብረ ገነት ያለችበት ነውና። እሱም መዝገበ ቃላቱን ሳይጨርስ በ1922 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ ሚስቱና ልጁ አስቀጥለውት 17ኛው ጥራዝ የወጣው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የሁለቱ መዝገበ ቃላት ዕጣ አንድ ነው። ከኋላቸው ያገኙት ድጋፍ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለቤን የሁዳ አንድ ሕዝብና በኋላም አንድ መንግሥት ቆሙለት። ለኪዳነ ወልድ የቆመላቸው፣ ኋላ እንደምናየው፣ አንድ ሰው ነው።

ኢየሩሳሌም ለኪዳነ ወልድ የፊደል ትምህርት ቤት ሆነቻቸው። ዕብራይስጥ፣ ሱርስትና ዓረብኛ ተማሩ። ይህ እንዲሁ ለጌጥ የተማሩት አይደለም። አንድ የሸዋ ተማሪ ሀን፣ ሐን እና ኀን በንባብ ቤት ሲቆጥር ሦስቱም በጆሮው አንድ ናቸው፤ መምህሩ ሃሌታው፣ ሐመሩ፣ ብዙኃኑ እያሉ በቅጽል ስም ካልለዩለት በቀር የሚለይበት መንገድ የለውም። በኢየሩሳሌም ገበያ ዓረቡ ሲነጋገር ግን ሦስቱ ሦስት ድምፅ ናቸው፤ አንዱ ከደረት ይወጣል፣ አንዱ ጉሮሮ ያጠብቃል፣ አንዱ ላንቃ ይፍቃል። ዐይኑ ዐም እንዲሁ ከአልፋው አ የተለየ ድምፅ አለው። በእኛው አገርም ቢሆን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ትግርኛ ተናጋሪ ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ እስከ ዛሬ በአንደበቱ ይለያል። አማርኛ ተናጋሪው ግን ድምፁን ጥሎ መልኩን ብቻ ይዞ ቀርቷል።

ስለዚህ ለኪዳነ ወልድ እነዚህ ፊደላት ትርፍ አልነበሩም። የቃሉ የዘር ሐረግ ማስረጃ ነበሩ። ለሕግ ሰው በሚገባ ቋንቋ ልናገርና፣ የልደት ምስክር ወረቀት ማለት ናቸው። በግእዝ ሰአለ በእሳቱ ሰ እና በአልፋው አ ሲጻፍ ለመነ ማለት ነው፤ ሠዐለ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ ሲጻፍ ሥዕል ሣለ ማለት ነው። ሰረቀ ሌባ የሚያደርገው ነው፤ ሠረቀ ደግሞ ፀሐይ የምታደርገው፣ ወጣ ማለት ነው። መሀረ አስተማረ ነው፣ ምሁር ከዚያ ይመጣል፤ መሐረ ይቅር አለ ነው፣ ምሕረት ከዚያ ይወለዳል። አመት በአልፋው አ ገረድ፣ አገልጋይ ነች፤ አመተ ማርያም የምንለው ስም ይኸው ነው። ዓመት በዐይኑ ዐ ደግሞ አሥራ ሦስት ወር ነው። ሁለቱን ያለ ልዩነት የሚጽፍ ሰው ዓመተ ምሕረትን የምሕረት ገረድ ያደርጋታል። አለቃ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ የሚያልፉ ሰው አልነበሩም።

በ1912 ዓ.ም. ገደማ አገራቸው ተመለሱ። የጠሯቸው አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ለመጻሕፍት ኅትመት የነበራቸው ፍላጎት የታወቀ ነው። አለቃ ያዘጋጁት የትንቢተ ሕዝቅኤል ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ሕዝቅኤል ከብሉያት መካከል አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ነው። ሥራው ስማቸውን በሊቃውንቱ ዘንድ ከፍ አደረገው።

የኖሩት ግን አዲስ አበባ ከቤተ መንግሥቱ ሥር አይደለም። ድሬዳዋ ተቀመጡ። ቦታው ለሊቅ የሚሆን አይመስልም፤ ምድር ባቡር የፈጠራት፣ ሙቀቷ የሚያነድ፣ ነጋዴና ጉምሩክ የሞላባት ከተማ ነች። ነገር ግን በካቶሊክ ሚሲዮን የሚተዳደረው የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት እዚያ ነበር። ፊደል የሚወድ ሰው ፊደል ከእርሳስ ወደሚቀረጽበት ቦታ ይጠጋል። በዚያ ዘመን አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ለማተም 33ቱ ፊደላት በሰባት መልካቸው፣ 231 የተለያዩ የእርሳስ ቅርጾች በሳጥን በሳጥን ተደርድረው ይጠብቃሉ። ለቃሚው አንዷን ከተሳሳተ ቃሉ ተበላሸ። ኀ የምትባለውን ከሐ ሳጥን ያነሣ ለቃሚ በአለቃ ዓይን ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም።

እዚያ ድሬዳዋ ላይ ነው ሁለተኛው አደራ ተቀባይ የመጣው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1893 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት የቤተ ክህነት ተማሪ ነበር። ከአለቃ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፣ አገለገለ፣ ገለበጠ፣ አረመ። ክፍለ ጊዮርጊስ ለኪዳነ ወልድ የሆኑትን ኪዳነ ወልድ ለደስታ ሆኑት።

አለቃ በፊደል ነገር ያላቸው አቋም በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ የቆመ አልነበረም። የፊደሉ ተራ ራሱ የተሳሳተ ነው ይሉ ነበር። ሁላችንም የቆጠርነውን ሀለሐመ ትተው ጥንታዊውና ትክክለኛው እንደ ዕብራይስጡና እንደ ሱርስቱ በአ ጀምሮ አበገደ የሚለው ነው ብለው መዝገበ ቃላታቸውን በዚያ ተራ ሠሩት። መጽሐፉን ዛሬ የሚገልጥ ሰው በመጀመሪያ ግራ የሚጋባው በዚህ ነው፤ ሀ የምትገኘው በአምስተኛው ቤት ነው። ለተቃራኒዎቻቸውም ቢሆን ለስለስ ያለ ቃል አልነበራቸውም።

በዚህ በተራው ነገር ግን ተሳስተዋል። በሶርያ ጠረፍ ከጥንቷ ኡጋሪትና ከፍልስጥኤሟ ቤት ሳሚስ በተቆፈሩ የሸክላ ጽላቶች ላይ ፊደል በሀለሐመ ተራ ተጽፎ ተገኝቷል። ዕድሜው ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ ነው። የቤት ሳሚሱ ጽላት ከመሬት የወጣው በ1933 እ.ኤ.አ.፣ አለቃ በሕይወት እያሉ ነው፤ ተራው ሀለሐመ መሆኑ የተነበበው ግን ገና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም ተራዎች ጥንታውያን ናቸው፤ አንዱ ሰሜን ሄደ፣ አንዱ ወደ ደቡብ ዓረብና ወደ እኛ መጣ። የየኔታ ሀሁ የተሳሳተ ቆጠራ አልነበረም። ይህን ስል የአለቃን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ በእርግጠኝነት የሚናገር ሊቅ ሁሉ ያላየው ጽላት የሆነ ቦታ ተቀብሮ እንደሚገኝ ለማስታወስ ያህል ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትወርር አለቃ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ በዚያ ዓመት የተማረ ሰው ዋጋው ምን እንደነበረ አንባቢ አይጠፋውም። ረቂቁ ከዘመኑ እሳት መትረፉ ራሱ ተአምር ነው። ነጻነት ከተመለሰ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ሥራቸው ሳይታተም አረፉ። ልክ እንደ መምህራቸው ወረቀቱን ለተማሪያቸው ትተው።

ደስታ ተክለ ወልድ ለዐሥራ ሁለት ዓመት ያንን ወረቀት አልጣለም። ‹መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ› በ1948 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታተመ። ዘጠኝ መቶ ገጽ ያህል ነው። ክፍለ ጊዮርጊስ ካረፉ አርባ ስምንት ዓመት፣ ኪዳነ ወልድ ካረፉ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። መጽሐፉ እንደ ስሙ መዝገበ ቃላት ብቻ አይደለም። ከፊቱ ሰዋስው አለው፤ በየቃሉ ሥር ደግሞ ተረትና ምሳሌ፣ የመጽሐፍ ታሪክና ሽሙጥ ሳይቀር ተሰግስጎበታል። ቃል ልፈልግ ብሎ ከፍቶ ሰዓቱን ያባከነበት ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ።

ደስታ የመምህሩን ዕዳ ከከፈለ በኋላ የራሱን ሥራ ጀመረ። ‹ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት› በ1962 ዓ.ም. ወጣ፤ ከ1,200 ገጽ በላይ ነው። ርእሱን ልብ ይሏል። ዐዲስ የተጻፈው በዐይኑ ዐ ነው፤ የግእዙ ሐዲስ ወደ አማርኛ ሲገባ ሐ ወደ ዐ እንጂ ወደ አ አትሄድም በሚል ሥርዓት። በዚህ ሥርዓት ከሄድን የመዲናችን ስም በየታርጋው፣ በየማኅተሙና በየአዋጁ የተጻፈው ተሳስቶ ነው።

መጽሐፉ ታተመ እንጂ አለቃ አላሸነፉም። ደስታ የመምህሩን ሥራ ባሳተመ በዐሥር ዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን አወጡ። ሐዲስ የቅኔ ቤት ልጅ ናቸው፤ የፊደሉን ምስጢር ስላላወቁ አልነበረም። እያወቁ አንድ ድምፅ ካላቸው ፊደላት አንዱን ብቻ እየወሰዱ ጻፉ። የአማርኛ ተናጋሪው ትውልድ በትልቁ የወደደው ልቦለድ በፊደል ረገድ የአለቃን ሕግ ጥሶ የተጻፈ ነው። አንድም አንባቢ ትርጉሙ ጠፋብኝ ብሎ መጽሐፉን አልመለሰም። ሒሳቡን ለሚወድ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ በሰባት መልካቸው ሲቀነሱ 231ዱ ፊደል ወደ 196 ይወርዳል። ለጽሕፈት መኪና ይህ ቀላል ቁጠባ አይደለም።

አለቃን ከሚከራከሯቸው ማስረጃዎች ከባዱ ግን ልቦለዱ አይደለም። የጥንቱ የብራና ጸሐፊዎች ራሳቸው ናቸው። ገዳማቱ ውስጥ ያሉትን የግእዝ መጻሕፍት ያዩ ሁሉ እንደሚያውቁት ሰ እና ሠ፣ ሐ እና ኀ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲቀያየሩ ኖረዋል። አንዱ ጸሐፊ በአንድ ቅጠል ላይ አንዱን ቃል ሁለት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ዛሬ በስልክ የሚላከውን መልእክት እያየ የድሮው ትውልድ እንዲህ አልነበረም የሚል ሰው ድሮውን በደንብ አላየውም።

እንግዲህ ዳኝነቴን ልስጥ። ለወዳጅ በሚላክ መልእክት ላይ ሰላምን በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰው ማንንም አልበደለም። ሰላሙ ደርሷል። እንዲያውም ሠላም ብሎ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ለማክበር ብሎ ነው፤ ንጉሡ ሠ ከበድ ያለች፣ የተከበረች ስለምትመስለው። ፈረንጅ ትልቁን ፊደል ለክብር እንደሚጠቀምበት መሆኑ ነው። አለቃ ቢሰሙኝ ይገሥጹኛል፤ ግን በጆሮ የሌለ ልዩነት በጣት ላይ በግድ አይጸናም።

ነገሩ የሚለወጠው ወረቀቱ ከወዳጅ እጅ ወጥቶ መዝገብ ቤት ሲገባ ነው። ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያውን ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ብንለው ንባቡ አንድ ነው፤ ስድስት መንገድ። ሥ ሁለት መንገድ፣ ሴ ሁለት መንገድ አላቸው። ተባዝቶ 24 ይሆናል። ስሙን አንድ ላይ ወይም ለያይቶ መጻፍ ሲጨመር 48። ለሰው ዓይን 48ቱም አንድ ሰው ናቸው። የግእዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ ሲገባ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለኮምፒዩተሩ ሀ እና ሐ እንደ ሀ እና መ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ 48ቱ ለእሱ 48 ሰዎች ናቸው። በአማርኛ ላይ የሚሠሩ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ከፍለጋ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚያጥፉት ለዚህ ነው። ማሽኑ ሐዲስ ዓለማየሁን እንዲመስል ያደርጉታል ማለት ነው። ይህ ያልተደረገበት መዝገብ ግን ዛሬም ብዙ ነው።

በሙያዬ የገጠመኝን አንድ ጉዳይ ላንሣ። የአንዲት ሴት የሟች አባት ስም በመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ በኃ፣ በቀበሌ መታወቂያው ላይ በሀ፣ በልጅቱ የትምህርት ማስረጃ ላይ በሐ ተጽፎ ነበር። ስሙን ሦስት ጸሐፊዎች በሦስት ዘመን እንደመሰላቸው ጽፈውታል። ሴትየዋ ወራሽነቷን ላረጋግጥ ስትል ጉዳዩን የያዘው መሥሪያ ቤት ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ከፍርድ ቤት አምጪ አላት። አቤቱታ ተጻፈ፣ ሦስት ምስክር ቆመ፣ ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ተሰጠ። መሬቱ በዚህ መሀል አንድ ክረምት ጾሙን አደረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሰው ስም በዝርዝር ይደነግጋል፤ የክብር መዝገብም በዳኛ ውሳኔ የሚታረምበትን መንገድ አስቀምጧል። ሕግ አውጪው ግን የአንድ ፊደል መልክ የአንድን ገበሬ መሬት ፆም ያሳድራል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። እንዲህ ባለው ጊዜ አለቃ ኪዳነ ወልድ ይታወሱኛል። ሁሉም ጸሐፊ የእሳቸውን መጽሐፍ ገልጦ ቢጽፍ ኖሮ ስሙ በሦስቱም ወረቀት አንድ ይሆን ነበር። ሁሉም እንደ ሐዲስ አንዷን ፊደል ብቻ ቢጠቀምም ኖሮ እንዲሁ። ያስቸገረን ከሁለቱ አንዱንም አለመምረጣችን ነው። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ አካዳሚ ሲቋቋም፣ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል የአማርኛ መዝገበ ቃላት ሲያወጣ ጉዳዩ ያልቃል ተብሎ ነበር። ይኸው አላለቀም።

እኔ በተወለድኩባት በካምባ ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ ባለችው በዚያች አገር እኛ ስንማር ፊደል ማለት የግእዝ ፊደል ብቻ ነበር። በደርግ ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲሰጥም ሁሉም በዚሁ ፊደል ተጽፈው ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ጋሞኛ እንደ ጎረቤቶቹ ወላይትኛና ጎፍኛ ሁሉ ለትምህርት ቤት ላቲንን መረጠ። በአካባቢያችን የአጻጻፍ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. አይተናል፤ አራቱን ቋንቋዎች ጨፍልቆ ወጋጎዳ በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ማዘጋጀት ሶዶ ላይ ደም አፍስሷል።

ዛሬ የካምባ ልጅ በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ በጋሞኛ የሰው ስም በትልቅ ፊደል ይጀመራል ተብሎ ይማራል፤ ቀጥሎ በአማርኛው ክፍለ ጊዜ ትልቅና ትንሽ የሌለው ፊደል ይጠብቀዋል። ማታ አርባ ምንጭ ላለው ወንድሙ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይልካል፤ ስልኩ ላይ የሚቀለው እሱ ነውና። እዚህ ላይ ነው ትልቁና ትንሹ ፊደል በአማርኛም ጉዳይ የሚሆነው። በኮምፒዩተር አማርኛ በላቲን ቁልፍ ሲጻፍ ትንሹ ቲ ት ነው፣ ትልቁ ቲ ጥ ነው፤ ትንሹ ኤን ን፣ ትልቁ ኤን ኝ፤ ትንሹ ኤች ህ፣ ትልቁ ኤች ሕ። በስልክ መልእክት ይህን የሚጠብቅ የለም፤ ሁሉም በትንሹ ይጽፋል። አባታችን መጣ የሚለው መልእክት አባታችን መታ ሆኖ ይደርሳል። በሐ እና በሀ መካከል ያለውን ልዩነት ጆሮ አይሰማውም፤ በመጣና በመታ መካከል ያለውን ግን ማንም ይሰማዋል። የፊደል ጥንቃቄ ጉልበት ካለን መጀመሪያ እዚህ ላይ ብናውለው እመርጣለሁ።

ደስታ ተክለ ወልድ በ1977 ዓ.ም. አረፉ። የመምህራቸው መጽሐፍ ዛሬ በፎቶ ተነሥቶ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ የላቲን ፊደል ያላስፈለገው የመጀመሪያው ትልቅ የግእዝ መዝገበ ቃላት በኪስ ውስጥ ይገባል። ለማግኘት ርእሱን መጻፍ ነው። መጽሐፈ የሚለው የመጀመሪያው ቃል ብቻ በጽ ወይም በፅ፣ ከስድስቱ ሀዎች በአንዱ፣ በ12 ዓይነት መንገድ ይጻፋል።